መመለሻ መንገድ ያለው እንግዳ

ሰው ወደ ማያውቀው አገር በገዛ ፈቃዱ ሄዶ፥ ይህ ነው የሚባል ደመወዝ ሳይጠይቅ ለማያውቀው ሕዝብ ሲሠራ ሰዎች ሁሉ ያመሰግኑታል። ምስጋናውም የሚገባው ነው። ነገር ግን ምስጋና ብዙ ጊዜ ምርመራን ያስቀራል። ስለዚህ ይህን በጎ ፈቃደኛነት የሚባለውን ሥራ ከምስጋናው ለይተን ጥቂት ብንመረምረው፥ ነገ በተራቸው ወደ ሩቅ ገጠር ወይም ወደ ሌላ አገር ለሚሄዱ ወጣቶች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዬ እንዲህ ነው፤ በፈለገበት ቀን መሄድ የሚችል ሰው፥ መሄድ ከማይችሉ ሰዎች ጋር በአንድ ግቢ ቢቀመጥ ኑሮአቸውን ተካፈለ ይባላልን? ካልተካፈለስ የሚሰጣቸው ነገር ምን ዓይነት ስጦታ ነው?

ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። ከ2007 እስከ 2009 ድረስ በሰሜን ጋና፥ ከታማሌ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ በአንዲት የዳጎምባ መንደር፥ በበጎ ፈቃደኛነት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የምጽፍ መሆኔን አንባቢ ይወቅልኝ።

እንዲህ ያለው እንግዳ በምዕራብ አፍሪቃ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የሰላም ጓድ በ1961 ሲቋቋም የመጀመሪያዎቹን በጎ ፈቃደኞች የላከው ወደ ጋና ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር መጨረሻ ሃምሳ ያህል ወጣት አስተማሪዎች አክራ ላይ ከአውሮፕላን ወርደው፥ ለተቀበሏቸው ሰዎች በትዊ ቋንቋ ዘመሩላቸው። በዓመቱ ወደ አገራችንም ሦስት መቶ የሚጠጉ መጡ፤ ከአንባቢዎቼ መካከል አያቱ ወይም አባቱ እንግሊዝኛን ከእነርሱ የተማረ ብዙ ሰው ይኖራል።

የዚያው የ1961 ዓመት ሌላ ታሪክም አለው። በኦክቶበር ወር በናይጄርያ በኢባዳን ከተማ አንዲት ወጣት በጎ ፈቃደኛ ወደ አገሯ ለወዳጇ የጻፈችው ፖስት ካርድ ጠፍቶ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እጅ ገባ። ካርዱ የአገሬውን አኗኗር ኋላ ቀርነት እየተደነቀ የሚያወራ ነበር። ተማሪዎቹ አባዝተው በተኑት፤ ትልቅ ተቃውሞ ተነሣ፤ ልጅቱም ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔ በልጅቱ ልብ ክፋት ነበረ ብዬ አልፈርድም። እንግዳ በደብዳቤው እውነቱን የሚናገረው ባለቤቱ አያነበውም ብሎ ሲያስብ ነው፤ የኢባዳን ተማሪዎች ግን ማንበብ ያውቁ ነበር። ከዚያም ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ፖስት ካርዱም በስልክ ፎቶግራፍ ተለወጠ። እግሩ ባዶ የሆነ ሕፃን አቅፎ ፎቶግራፍ የሚነሣ እንግዳ ሳይ፥ የሕፃኑ እናት ሥዕሉን ብታየው ምን ትል ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ዛሬ እርሷም ስልክ አላት።

ወደ መንደሬ ልመለስ። በዳጎምባ አገር እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ የመንደሩን አለቃ መሳለም አለበት፤ ሲገባም ኮላ የሚባለውን መራራ ፍሬ ይዞ ነው። አለቃው የሚቀመጡት በእንስሳ ቁርበት ላይ ነው፤ እኛ ንጉሥ ዙፋን ላይ ወጣ እንደምንል እነርሱም አለቃ ሲሾም ቁርበት ላይ ተቀመጠ ይላሉ። ሰላምታው ረጅም ነው። ስለ እንቅልፍ፥ ስለ ቤት፥ ስለ ድካም፥ ስለ መንገድ ይጠየቃል፤ ተጠያቂውም ለሁሉም «ናአ» እያለ ይመልሳል። እኔ ሰላምታ ቶሎ የማያልቅበት አገር ልጅ ነኝና ይህ አልከበደኝም። ሰላምታው ሲያልቅ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአስተርጓሚ፥ «ስንት ዝናብ ትቆያለህ?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያ አገር ክረምት በዓመት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ ዓመት የሚቈጠረው በዝናብ ነው። «ሁለት» አልሁ። «መልካም ነው፤ ለያም ይበቃል፥ ለሺያ ግን አይበቃም» አሉ፤ ሰዎቹም ሳቁ።

ያም በደቡብ አገራችን ቦዬ ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል ሥር ነው፤ ተተክሎ በዓመቱ ይነቀላል። ሺያ ግን ሴቶች ከፍሬው ቅቤ የሚያወጡለት ዛፍ ነው፤ ከበቀለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ከዐሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ሽማግሌው እንግዳን ማባረራቸው አልነበረም። የሚሄድበትን ቀን አውቀው በዚያ ልክ ሥራ ሊሰጡት ፈልገው ነው። ብዙ በጎ ፈቃደኞች ይህን ጥያቄ ሲጠየቁ ያፍራሉ፤ «እኔ ከእናንተ አንዱ ነኝ» ለማለትም ይቸኵላሉ። እኔ ግን የሽማግሌውን ጥያቄ ከማናቸውም የአቀባበል ንግግር ይልቅ እወደዋለሁ። የሚሄደው ሰው እንደሚሄድ በፊት ለፊት ከተነገረ በኋላ የቀረው ነገር ሁሉ በእውነት ላይ ሊሠራ ይችላል።

አሁን ስለ ዕለት ኑሮው ልናገር፤ የዚህ ጥያቄ ፍሬ ያለው በትንንሹ ነገር ውስጥ ነውና። የተቀመጥሁት በአንድ ቤተ ሰብ ግቢ፥ ከብዙዎቹ ክብ የጭቃ ጎጆዎች በአንደኛው ነበር። ጎሕ ሲቀድ የመስጊዱ ጥሪ ይሰማል፤ ቀጥሎ የመጥረጊያ ድምፅ፥ ቀጥሎም የሳፋ ድምፅ። ሴቶች ልጆች ሳፋ በራሳቸው ይዘው ወደ ኩሬ ይወርዳሉ። እኔ ከእንቅልፌ ስነሣ የመታጠቢያ ውኃዬ ከደጃፌ ተቀምጦ ይቈየኛል። የምታመጣው የግቢው ልጅ ነበረች፤ እርሷም በክፍሌ ውስጥ ተማሪዬ ናት። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምትደርሰው ዘግይታ ነው፤ የምትዘገየውም ውኃ ስትቀዳ ነው፤ ከቀዳችውም ውኃ አንዱ ሳፋ የእኔ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ልጅቱን ሒሳብ ላስተምር ከሩቅ አገር የመጣሁ ሰው፥ ገላዬን የታጠብሁበት ውኃ የመጀመሪያውን ትምህርት ያስቀርባታል።

ውኃውን ራሴ ልቅዳ ብል ቀላል ይመስላል። ወንድ፥ ያውም አስተማሪ፥ ያውም እንግዳ፥ ሳፋ በራሱ ተሸክሞ ቢታይ ግን የሚዋረደው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ያሳደረው ግቢ ሁሉ ይዋረዳል፤ ቅጣቱም በልጅቱ ላይ ይወርዳል። ነገሩን ከግቢው እናት ጋር ሦስት ሳምንት ያህል በጨዋታ መካከል እያነሣን ስንጥል ቈየን። በመጨረሻ መፍትሔውን የሰጡኝ እርሳቸው ናቸው። በዚያ አገር ውኃ በራስ መሸከም የሴት ሥራ ነው፤ በጀሪካን አድርጎ በብስክሌት መጫን ግን ወንድ አያፍርበትም። ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ፤ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ ሁለት ጀሪካን እየጫንሁ አመጣ ጀመር፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ የግቢው ወንዶች ልጆች ብስክሌቱን እየተዋሱ ለእናቶቻቸው ያመጡ ጀመር። ይህን የማወራው ትልቅ ሥራ ሠራሁ ለማለት አይደለም። ልጅቱ በሳምንት ጥቂት ቀን በሰዓቱ መድረስ ቻለች፤ ይኸው ነው።

መብሉ ቱዎ ዛፊ የሚባል፥ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ገንፎ መሰል ነው፤ በቅጠል ወጥ እየነከሩ በቀኝ እጅ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ሲበሉ የደረሰ ሰው ሁሉ ይጋበዛል። «እንብላ» እያልን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ ረቡዕና ዓርብ የምጾም መሆኔን ሲሰሙ አልተደነቁም፤ እነርሱም እስላሞች ስለ ሆኑ ጾም ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። የግቢው ሴቶች ሳልጠይቃቸው በነዚያ ቀኖች ሥጋና ዓሣ የሌለበት ወጥ ለብቻዬ ይሠሩልኝ ጀመር። እነሆ ሌላ ዕዳ። አንዱን ዕዳ በብስክሌት ሳቃልል ሌላው በወጥ ይመጣል።

ስለ ዕዳ ካነሣሁ የጅግራውን ነገር መናገር አለብኝ። በዚያ አገር ለከበረ እንግዳ ጅግራ በሕይወቷ ይሰጣል። ጅግራ ደግሞ የድኻ ገንዘብ ናት፤ ገበያ ወጥታ ተሸጣ የልጅ ዩኒፎርም የምትሆን ናት። በአጠገባችን መንደር የሚያስተምር አንድ አውሮፓዊ ወዳጅ ነበረኝ፤ ሥራውን የሚወድ፥ ልቡ የቀና ሰው ነው። አንድ ሽማግሌ ጅግራ ሲያመጡለት የገበያ ዋጋዋን አውጥቶ በእጃቸው አኖረ። በማግስቱ ሽማግሌው ገንዘቡን በልጅ እጅ መለሱለት። ከዚያም ወዲያ ሰላምታቸው አንድ ቀን አልጎደለም፤ ስጦታ ግን ተመልሶ አልመጣም።

በዚህ ነገር ከወዳጄ ጋር ብዙ ምሽት ተከራከርን። የእርሱ ነገር ቀላል አልነበረም፤ ስለዚህ በሚገባ ልጻፍለት። «እኔ የመጣሁት ልሰጥ ነው። ቤት ውስጥ ዩኒፎርም ያጣ ልጅ እያለ ጅግራውን ብበላ የልጁን ልብስ በላሁ ማለት ነው። ክብር ለሚባል ነገር ብሎ ልጅን ማራቆት ምን ዓይነት ግብረ ገብ ነው?» ይል ነበር። ይህን ቃል ዛሬም በቀላሉ መጣል አልችልም። ሆኖም መልሴ ይህ ነበር። ጅግራዋን የሰጡት ሽማግሌ ልጃቸው ዩኒፎርም እንደሌለው ከእኔም ከእርሱም አስበልጠው ያውቃሉ። አስበው የሰጡትን ስጦታ ዋጋ አውጥቶ መክፈል፥ ሰጪውን ሻጭ ያደርገዋል። ከዚያም የባሰ አለ፤ እኔ ሁልጊዜ ሰጪ፥ አንተ ሁልጊዜ ተቀባይ ነህ ማለት ነው። ሰው ለዘወትር ተቀባይ ሆኖ ሲኖር አንገቱን እንደሚደፋ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም።

ታዲያ ልብሱስ? የመንደሩ ሰው እርስ በርሱ እንዴት እንደሚረዳዳ መመልከት ነበረብን። ሕፃን ተወልዶ ስም ሲወጣለት፥ ሰውም ሲሞት፥ ሁሉም አቅሙን ያዋጣል፤ ማን ምን እንደ ሰጠም በአደባባይ ይነገራል። ለእድር ልጆች ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም። ጅግራ የተቀበለ እንግዳ በስም ማውጫው ቀን ወይም በልቅሶው ቀን እንደ ማንኛውም ጎረቤት ድርሻውን ይዞ ቢገኝ፥ ልብሱ በዚያ በኩል ሊገኝ ይችላል፤ ሽማግሌውም ቀና ብለው ይቀበሉታል። ወዳጄ ይህ ዘዴ ቀስ ያለና እርግጠኛ ያልሆነ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ቀስ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ክርክራችንንም አልጨረስነውም።

የመንደሩ ሕፃናት እኔን ሲያዩ «ሲሊሚንጋ» ብለው ይጮሁ ነበር። ቃሉ እኛ ፈረንጅ እንደምንለው ያለ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስሰማው ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ ነጭ ሰው ፈለግሁ። እኔ ጥቁር ሰው ነኝ፤ አፍሪቃዊ ነኝ፤ አገሬም የአፍሪቃ አንድነት የተመሠረተበት ነው እያልሁ ለሕፃናት ትምህርት ልሰጥ ቃጣኝ። በኋላ ሳስበው ግን ሕፃናቱ በነገሩ ውስጥ ያለውን ከእኔ ይልቅ አይተውታል። ሻንጣ ይዞ መጣ፤ ብዙ መጻሕፍት አለው፤ ውኃ አይቀዳም፤ ከሁለት ዝናብ በኋላ ይሄዳል። ከ1964 ጀምሮ የአገራችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያስተምሩ ታዝዘው ነበር፤ ከእነርሱም በገጠር ከተማ ሕፃናት ፈረንጅ ተብሎ የተጠራ ቢኖር አልደነቅም። እንዲህ ያለው ስም ከቆዳ ቀለም ይልቅ ከመመለሻ ቲኬት ጋር ይሄዳል።

ደግሞ በጎ ፈቃደኛ የሚለው ስም ለእንግዳው ብቻ የተቈረጠ ልብስ አይደለም። እኔ በነበርሁበት ጊዜ በዚያ አገር የጊኒ ዎርም በሽታ ገና አልጠፋም ነበር። ይህ በሽታ በአገራችንም በጋምቤላ በኩል የታወቀ ነው። ሰው ከኩሬ ያልተጠለለ ውኃ ጠጥቶ፥ ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ረጅም ክር የመሰለ ትል አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ በኩል ቈዳውን በስቶ ይወጣል። መድኀኒትም ክትባትም የለውም። ትሉን በቀን ጥቂት በጥቂት እየጠቀለሉ ለሳምንታት ማውጣት ብቻ ነው። ሕመምተኛው ቃጠሎውን ሊያበርድ ወደ ኩሬው ቢገባ ትሉ ዘሩን በውኃው ይረጫል፤ መንደሩም ሁሉ ይታመማል። በጋና በ1989 ወደ 180 ሺህ የሚጠጋ ሕመምተኛ ተመዝግቦ ነበር። የመጨረሻው የታየው በ2010 ነው፤ በ2015ም የዓለም ጤና ድርጅት ጋና ከበሽታው ነጻ መሆኗን መሰከረ። ከውጭ የመጣ ገንዘብና ዕውቀት ረድቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት በየኩሬው ዳር ቆሞ ሕመምተኛ እንዳይገባ የከለከለው፥ በየቤቱ እየዞረ በእንስራው አፍ ላይ የማጥለያው ጨርቅ መኖሩን ያየው፥ የጎረቤቱን ቁስል ያጠበው የመንደሩ ሰው ነበር፤ ይህንም ያደርግ የነበረው ያለ ደመወዝ፥ የራሱን እርሻ እያስተጓጐለ ነው። ማንም በአውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዞ አልተቀበለውም። የሚሄድበትም የለውም።

ይህን «የሚሄድበት የለውም» የሚለውን ቃል ክብደቱን ያየሁት ከጋና ከተመለስሁ በኋላ ነው። በ2014 ኢቦላ የሚባለው በሽታ በጊኒ፥ በሴራሊዮንና በላይቤርያ ተስፋፋ። በጁላይ 29 ቀን በሴራሊዮን በኬኔማ ሆስፒታል ሕመምተኞችን ሲያክሙ የነበሩት ታዋቂው ሐኪም ዶክተር ሼክ ኡመር ካን በዚያው በሽታ ሞቱ። በማግስቱ የሰላም ጓድ ከሦስቱ አገሮች 340 በጎ ፈቃደኞቹን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ኢቦላ እስኪያበቃ ድረስ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ከሞቱትም ውስጥ ከ500 በላይ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። በሴራሊዮን የቀይ መስቀል ወጣቶች የሟቾችን ሬሳ እየቀበሩ፥ ስለዚህም ሥራ ከዘመዶቻቸው እየተገለሉ ቈዩ።

እነዚያን 340 ሰዎች ፈሪዎች ብዬ አልወቅሳቸውም፤ መውጣታቸውም የራሳቸው ምርጫ ሳይሆን የላኪያቸው ትእዛዝ ነበር። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወጣት ኢቦላ ባለበት መንደር ቢቀር፥ ሲታመም አልጋ ከመያዝ በቀር ምን ያደርጋል? እንዲያውም በዚያው ዓመት መጨረሻ የአፍሪቃ ኅብረት ከየአገሩ የሰበሰባቸው ሐኪሞችና ነርሶች ወደነዚያ አገሮች ገቡ፤ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እነርሱም መመለሻ ቲኬት ነበራቸው። ልዩነቱ የሚያስፈልገውን ሥራ ማወቃቸው ነው። አስተማሪው ወጣ፥ ነርሷ ገባች፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ያ ቀን ያስረጀው አንድ ንግግር ግን አለ፤ «እኔም እንደ እናንተ እኖራለሁ፥ ኑሮአችን አንድ ነው» የሚለው ነው። ይህን የተናገረ ሰው መኪናው ሊወስደው ሲመጣ ለአሳደረው ቤተ ሰብ ምን ብሎ ተሰናበተ? «ሁለት ዝናብ እቆያለሁ፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ይጠሩኛል፥ እሄዳለሁ፤ እስከዚያው ሒሳብ አስተምራለሁ» ያለ ሰው ግን ያዝናል እንጂ አያፍርም።

እንግዲህ ለጥያቄዬ ያለኝ መልስ ይህን ያህል ነው። መሄድ የሚችል ሰው መሄድ የማይችለውን ኑሮ አይካፈልም፤ በጭቃ ቤት ቢተኛም፥ ቱዎ ዛፊ ቢበላም አይካፈልም። በፈቃድ የተመረጠ ችግር ችግር አይደለም። ስጦታው ግን በዚህ አይረክስም፤ የሚረክሰው ለያም የሚበቃ ጊዜ ይዞ ሺያ እተክላለሁ ሲል ነው። በትምህርት ቤታችን ከእኔ በፊት የነበረ አንድ በጎ ፈቃደኛ ያሠራው ቤተ መጻሕፍት ነበር። ቤቱ ያማረ ነው፤ መጻሕፍቱ ስለ በረዶና ስለ ባቡር የሚያወሩ ናቸው። ቁልፉ ግን አልነበረም፤ ሰውየው ሲሄድ ለማን እንደ ሰጠው የሚያውቅ አልተገኘም። እኔና አንድ የመንደሩ ተወላጅ ወጣት መምህር በሩን በአናጢ አስከፈትነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉን ሁለታችን በአንድነት ያዝነው፤ አንድ ቀን እኔ አስተምራለሁ እርሱ ያያል፥ አንድ ቀን እርሱ ያስተምራል እኔ አያለሁ። ቁልፉም ከመጀመሪያው በእርሱ ኪስ ነበረ። ዛሬ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እርሱ ነው።

በዚህ ዓመት እርሱው ደውሎ፥ ውኃውን በብስክሌት ጫን ያሉኝ የግቢው እናት ማረፋቸውን ነገረኝ። ቀብሩ በዕለቱ ተፈጽሟል። ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት፥ እንደ ተዝካር ያለው ትልቁ በዓል ግን ገና ወደፊት ነው፤ ቀኑም የሚቈረጠው ሩቅ ያሉት ሰዎች መምጣት መቻላቸውን ሲያሳውቁ ነው ብሎ አንተስ አለኝ። ከአዲስ አበባ አክራ፥ ከአክራም ታማሌ ድረስ ያለውን የአውሮፕላን ዋጋ ጠይቄአለሁ፤ ለአንድ ጡረተኛ መምህር ቀላል አይደለም። እስከ መስከረም ድረስ ካጠራቀምሁ ይደርሳል። ቀኑን በዚያ ልክ እንዲቈርጡት ነግሬዋለሁ፤ ኮላውን ታማሌ ገበያ ወርጄ እገዛለሁ።